ማን ጠየቀ? ማንስ መለሰ? የቋንቋ ማጣቀሻዎቻችን ታሪክ ከሰዋስው እስከ ዲጂታል ክምችት



የዛሬው ንግግሬ ለሥነ ልሳን ተመራማሪዎች በቅርብ ዘመን ስለቀረቡት አዳዲስ ማጣቀሻዎች ነው። ስለ አዲሱ በቅጡ ለመናገር ግን ከአሮጌው መነሣት ግድ ይላል። ዛሬ በኮምፒዩተር ላይ አንድ የግእዝ ቃል ጽፈን በአፍታ የምናገኘው ፍቺ ብዙ ጊዜ ከ160 ዓመት ገደማ በፊት በላቲን የተጻፈ ፍቺ ነው። ያም ፍቺ በበኩሉ ከእርሱ ከቀደመ መጽሐፍ፣ ያም መጽሐፍ ከአንድ ኢትዮጵያዊ መምህር አፍ የተቀዳ ሊሆን ይችላል። መሣሪያው አዲስ ነው፤ በውስጡ ያለው ዕውቀት ግን ባለ ዕድሜ ነው።

ስለዚህ በእያንዳንዱ ማጣቀሻ ላይ ሁለት ጥያቄ አነሣለሁ፦ ማን ጠየቀ? ማንስ መለሰ? መዝገበ ቃላት መጽሐፍ ከመሆኑ በፊት ንግግር ነው። አንዱ «ይህ ምን ማለት ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ ሌላው ይመልሳል። በሽፋኑ ላይ የሚቀረው አብዛኛውን ጊዜ የጠያቂው ስም ነው። ይህን የማነሣው ለመላሾቹ ተገቢውን ክብር ለመስጠት ብቻ አይደለም። ጉዳዩ የምርምር ዘዴ ጉዳይም ነው። መላሹ ማን እንደ ነበረ፣ ከየት አካባቢ እንደ መጣ፣ በየትኛው ዘመን እንደ ተናገረ ካላወቅን፣ የሰጠው መልስ ምን ያህል ማስረጃ እንደሚሆን ማወቅ አንችልም።

1. መሰላሉ

የቋንቋ ማጣቀሻ በሀገራችን የውጭ ሰው ይዞት የገባ ነገር አይደለም። «ሰዋስው» የሚለው የግእዝ ቃል መሰላል ማለት ነው። በግብፅ ዐረብኛ የቅብጥን ቋንቋ ከአደባባይ እየገፋ በሄደበት ዘመን፣ የቅብጥ ሊቃውንት ቋንቋቸው እንዳይጠፋ ያዘጋጇቸው የሰዋስውና የቃላት መጻሕፍት በዐረብኛ «ሱለም» ይባሉ ነበር፤ ትርጉሙ ያው መሰላል ነው። የእኛዎቹም መጻሕፍት ስማቸውን ከዚያ ልማድ እንደ ወሰዱ ይታመናል። በብራና ላይ የምናገኛቸው የሰዋስው መጻሕፍት የግእዙን ቃል አስቀምጠው ፍቺውን በአማርኛ ይሰጣሉ። ከእነዚህም አንዳንዶቹ ቃላቱን በየጉዳያቸው ይመድባሉ፤ ሌሎቹ ቃሉ የሚገኝበትን የቅዱሳት መጻሕፍት ክፍል ተከትለው ይሄዳሉ። ለአማርኛ ታሪክ አጥኚ እነዚህ ፍቺዎች ዋጋቸው ከፍ ያለ ነው፤ ግእዙን ለመፍታት ሲባል የተጻፈው ቃል የዘመኑን አማርኛ ሳያስበው መዝግቦልናልና።

ከብራናው ጎን የቅኔ ቤቱ ሥርዐት ነበር፤ አሁንም አለ። መምህሩ ግስ ያወርዳል፤ ተማሪው በቃሉ ይይዛል። ግሶቹ በአርእስታቸው ይመደባሉ፤ በተለምዶ የሚቈጠሩት አርእስት ስምንት ናቸው፦ ቀተለ፣ ቀደሰ፣ ገብረ፣ አእመረ፣ ባረከ፣ ሤመ፣ ብህለ፣ ቆመ። አንድ ግስ ከየትኛው ርእስ ሥር እንደሚመደብ ያወቀ ተማሪ ርባታውን ያውቃል። ይህ ከቃላት ዝርዝር አልፎ የቋንቋ ትንታኔ ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ፤ «ቀተለ» ላልቶ፣ «ቀደሰ» ጠብቆ ይነበባል። ፊደሉ ይህን ልዩነት አያሳይም፤ የሚያሳየው የመምህሩ አፍ ነው። ብራናውና መምህሩ አንድ ላይ ሆነው ነው ሙሉ ማጣቀሻ የሚሆኑት። ብራናው ብቻውን ባሕር ተሻግሮ ሲሄድ፣ የሄደው የማጣቀሻው ግማሽ ነው።

2. ሮም፣ ጎታ፣ ፍራንክፈርት

በአውሮፓ ከታተሙት የግእዝ መዝገበ ቃላት መካከል ቀዳሚው የቀርሜሎሳዊው መነኵሴ የያዕቆብ ዌመርስ ሥራ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1638 በሮም ታትሟል። ዘመን የለወጠው ግን ከ11 ዓመት በኋላ በዚያችው ከተማ የተደረገ ትውውቅ ነው። የኤርፉርት ተወላጅ የሆነው ወጣቱ ሂዮብ ሉዶልፍ እ.ኤ.አ. በ1649 ከአባ ጎርጎርዮስ ጋር ተገናኘ። አባ ጎርጎርዮስ የአምሐራ ሰው ነበሩ፤ የመጡትም ከመካነ ሥላሴ ነው። ዐፄ ፋሲለደስ ኢየሱሳውያንን ከሀገር ካስወጡ በኋላ በስደት ሮም ደርሰው፣ የኢትዮጵያውያን ማረፊያ በነበረው በቅዱስ እስጢፋኖስ ገዳም ይኖሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1652 በመስፍኑ በኤርነስት ግብዣ ወደ ጎታ ሄደው ከሉዶልፍ ጋር ወራት በሥራ አሳለፉ። ከተለያዩም በኋላ በግእዝ ደብዳቤ ይጻጻፉ ነበር። አባ ጎርጎርዮስ እ.ኤ.አ. በ1658 ወደ ሀገራቸው ለመመለስ ሲጓዙ መርከባቸው ተሰብራ በባሕር ሞቱ።

የሉዶልፍ የግእዝ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት እ.ኤ.አ. በ1661 በለንደን ታተሙ። ሉዶልፍ በኅትመቱ አያያዝ ስላልተደሰተ መዝገበ ቃላቱን እ.ኤ.አ. በ1699፣ ሰዋስውን በ1702 አሻሽሎ እንደ ገና አሳተመ። የአማርኛው ሰዋስውና የአማርኛው መዝገበ ቃላት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1698 በፍራንክፈርት ወጡ። መላሹ ከሞቱ 40 ዓመት ሆኗቸው ነበር።

ሉዶልፍ ውለታ አልካደም፤ የአባ ጎርጎርዮስን ስምና ታሪክ በሥራዎቹ ውስጥ በክብር አስፍሯል። ይህም ለእኛ ትልቅ ጥቅም ሰጥቶናል። የ1698ን የአማርኛ መዝገበ ቃላት ስንገልጥ የምንሰማው በአምሐራ ምድር አድጎ፣ በግእዝ ተምሮ፣ ከሀገሩ ከወጣ ዓመታት ያለፉትን የአንድ ሰው አማርኛ መሆኑን እናውቃለን። ስለዚህ «በ17ኛው መቶ ዘመን አማርኛ እንዲህ ይባል ነበር» ከማለት ይልቅ «አባ ጎርጎርዮስ እንዲህ ይሉ ነበር» ብንል ወደ እውነቱ እንቀርባለን። የጎንደር ገበያ፣ የጎጃም ገበሬ፣ የሸዋ እረኛ በዚያ መጽሐፍ ውስጥ አልተጠየቁም።

3. ስማቸው ያልወጣ መላሾች

በ19ኛው መቶ ዘመን ጠያቂዎች በዙ፤ የመላሾቹ ስም ግን ከሽፋኑ ላይ አይታይም። ካርል ቱትሼክ የኦሮምኛ መዝገበ ቃላቱን ያዘጋጀው ኢትዮጵያን ሳያይ በሙኒክ ተቀምጦ ነው። ያስተማሩት በባርነት ተሽጠው፣ ኋላ ነፃ ወጥተው ጀርመን የደረሱ ወጣቶች ነበሩ። እርሱ እ.ኤ.አ. በ1843 ሲሞት ወንድሙ ሎሬንዝ ሥራውን ከፍጻሜ አድርሶ በ1844 አሳተመው። ለቋንቋው የኅትመት ታሪክ ከመሠረት ድንጋዮቹ አንዱ የሆነው ይህ መጽሐፍ የተሠራው ከቤተሰባቸውና ከአገራቸው በግፍ በተነጠቁ ወጣቶች ትዝታ ነው። ይህን ሳያውቅ ከመጽሐፉ ቃል የሚጠቅስ ሰው፣ ቃሉ በምን ሁኔታ እንደ ተነገረ አያውቅም።

የሚሲዮኑ የካርል ቪልሄልም ኢዘንበርግ የአማርኛ መዝገበ ቃላት እ.ኤ.አ. በ1841፣ ሰዋስዉ በ1842 በለንደን ታተሙ። አንቷን ዳባዲ እ.ኤ.አ. ከ1838 እስከ 1848 በኢትዮጵያ ተዘዋውሮ የሰበሰበውን የአማርኛ መዝገበ ቃላት ያሳተመው ከተመለሰ ከ33 ዓመት በኋላ፣ በ1881 በፓሪስ ነው። በሁለቱም ሥራዎች ጀርባ ቃል በቃል ያስረዱ መምህራን፣ ደብተሮችና የመንገድ ባልንጀሮች እንደሚኖሩ ማንም የመስክ ሥራ የሠራ ሰው ይረዳል።

ከዚህ ዘመን የአንዲት ሴት ታሪክ ሊዘነጋ አይገባም። የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ እ.ኤ.አ. በ1899 ሲታተም በስፋት የታወቀው የአናሲሞስ ነሲብ ስም ነው፤ ይገባውማል። ከእርሱ ጋር የሠራችው አስቴር ጋኖ ግን የኦሮምኛ መዝገበ ቃላት አሰናድታለች፤ የትርጉሙ ሥራም በዚያ ታግዟል። ከዚህ በተጨማሪ 500 ያህል እንቆቅልሾችን፣ ተረቶችን፣ ምሳሌያዊ ንግግሮችንና መዝሙሮችን ከቃል ወደ ጽሑፍ አስገብታለች፤ ብዙዎቹም እ.ኤ.አ. በ1894 በወጣው የንባብ መጽሐፍ ታትመዋል። አስቴር ጠያቂም መላሽም ነበረች። በቋንቋ ምርምር ታሪካችን የመዝገበ ቃላት አዘጋጆች ሲዘረዘሩ ግን ስሟ እምብዛም አይነሣም።

አሁን ወደ ኦገስት ዲልማን እንምጣ። እ.ኤ.አ. በ1857 የግእዝ ሰዋስውን፣ በ1865 የግእዝ መዝገበ ቃላቱን አሳተመ። ኢትዮጵያን ረግጦ አያውቅም። ይህ ሥራ በስፋቱና በጥንቃቄው እስከ ዛሬ የሚተካከለው የለም፤ እያንዳንዱን ቃል ከነምስክር ጥቅሱ ያቀርባልና። መላሾቹ ግን ሰዎች አልነበሩም፤ በአውሮፓ ቤተ መጻሕፍት የነበሩ ብራናዎችና የሉዶልፍ ሥራ ነበሩ። ከብራናዎቹም መካከል ቀደም ብዬ ያነሣኋቸው የሰዋስው መጻሕፍት ይገኙበታል።

አሁን ዓመቱን ልብ እንበል። መዝገበ ቃላቱ የወጣው በ1865 ነው። የእንግሊዝ ጦር የመቅደላን መጻሕፍት ዘርፎ የወሰደው እ.ኤ.አ. በ1868፣ ማለትም ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። ዛሬ በለንደን ካለው የግእዝ ክምችት ትልቁ ክፍል በዲልማን መዝገበ ቃላት ውስጥ ድምፅ የለውም። በሀገር ውስጥ በየገዳማቱና በየአድባራቱ የነበረውማ ከነጭራሹ አልተጠየቀም። ስለዚህ «ይህ ቃል በዲልማን የለም» ማለት «ይህ ቃል በግእዝ የለም» ማለት አይደለም። ትርጉሙ «እስከ 1865 አውሮፓ በደረሱትና ዲልማን ባነበባቸው ብራናዎች ውስጥ አልተገኘም» ነው። በሁለቱ ዓረፍተ ነገሮች መካከል ያለው ርቀት የአንድ የመመረቂያ ጽሑፍን መደምደሚያ ሊገለብጥ የሚችል ነው።

4. የቤቱ ሊቃውንት

ኢኛስዮ ጉይዲ እ.ኤ.አ. በ1901 በሮም ባሳተመው የአማርኛና የጣሊያንኛ መዝገበ ቃላት ሥራ ውስጥ የደብተራ ክፍለ ጊዮርጊስ ድርሻ ከፍተኛ ነበር። ክፍለ ጊዮርጊስ ለጉይዲ በመመለስ ብቻ አልቆሙም፤ የራሳቸውን የግእዝ መዝገበ ቃላት ጀመሩ። ሳይፈጽሙት ሲሞቱ በኢየሩሳሌም ደቀ መዝሙራቸው የነበሩት አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ቀጠሉት። አለቃ ኪዳነ ወልድ ዕድሜያቸውን በሥራው ፈጽመው ኅትመቱን ሳያዩ በ1936 ዓ.ም. ዐረፉ፤ አደራውን ለደስታ ተክለ ወልድ ሰጡ። «መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ ወመዝገበ ቃላት ሐዲስ» በ1948 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ታተመ። ደስታ ተክለ ወልድም የመምህራቸውን ሥራ ካስፈጸሙ በኋላ የራሳቸውን «ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት» በ1962 ዓ.ም. አወጡ።

አንድ መጽሐፍ ለመውለድ ሦስት ትውልድ ፈጅቷል። በዚህ ሰንሰለት ውስጥ ጠያቂውና መላሹ የአንድ ቤት ልጆች ሆኑ። ኪዳነ ወልድ የግእዙን ቃል በዕብራይስጥ፣ በሱርስትና በዐረብኛ ይመዝኑታል፤ ፍቺውን በቅኔ ቤት አማርኛ ይሰጣሉ። የዲልማንንም ሆነ የጉይዲን መጻሕፍት ለሚያውቅ አንባቢ ልዩነቱ ወዲያው ይታየዋል፤ በአውሮፓዊው መዝገብ የቃሉ ሥፍራ በጽሑፍ ውስጥ ነው፣ በኪዳነ ወልድ መዝገብ ግን ቃሉ ከነትውፊቱ፣ ከነአንድምታው፣ አንዳንዴም ከነክርክሩ ይቀርባል።

ይህም ማለት የቤቱ ሊቃውንት አድልዎ የለባቸውም ማለት አይደለም። መምህሩም ደቀ መዝሙሩም ቃላቱን የደረደሩት በተለመደው በ«ሀለሐመ» ተራ ሳይሆን በ«አበገደ» ነው፤ ጥንተ ሥርዐቱ እርሱ ነው ብለው ስለሚያምኑ። ይህ የፊደል ተራ ጉዳይ ብቻ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ቋንቋው ከየት እንደ መጣና ወዴት መመለስ እንዳለበት የያዙትን አቋም ያሳያል። ለተመራማሪው የሚጠቅመው ይህን አቋም አውቆ መጽሐፉን መግለጥ ነው። በእነዚህ ሁለት ኅትመቶች መካከል፣ በ1951 ዓ.ም.፣ የተሰማ ሀብተ ሚካኤል «ከሣቴ ብርሃን» የአማርኛ መዝገበ ቃላት ወጣ። ሦስቱን ጎን ለጎን አድርጎ ማንበብ የአንድ ትውልድ ሊቃውንት ስለ ቋንቋቸው ምን ያስቡ እንደ ነበር ያስተምራል።

5. ጋፋት፦ ማጣቀሻው ብቻ ሲቀር

እስከ አሁን የተናገርሁት ሁሉ «ለምን ይህን ያህል ይጨነቃል?» የሚያሰኝ ከሆነ ወደ ጋፋትኛ እንሂድ። ጋፋትኛ በዐባይ አካባቢ ይነገር የነበረ ሴማዊ ቋንቋ ነው። በ18ኛው መቶ ዘመን ጄምስ ብሩስ መኃልየ መኃልይን ወደ ጋፋትኛ አስተርጕሞ ብራናውን ይዞ ሄደ፤ ዛሬ በኦክስፎርድ ይገኛል። በ19ኛው መቶ ዘመን ቻርልስ ቤክ ጥቂት ቃላትን መዘገበ። ቮልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1945 የብሩስን ብራና አጥንቶ አሳተመ፤ በ1947 ወደ ሀገሩ መጥቶ ሲፈልግ ቋንቋውን የሚናገሩ አራት ሰዎች አገኘ። ከእነርሱ የሰበሰበውን እ.ኤ.አ. በ1956 በመጽሐፍ አወጣ።

ስለ ጋፋትኛ የምናውቀው በአመዛኙ ይኸው ነው። የብሩስን ብራና የተረጐመው ሰው ማን ነበር? ጋፋትኛ የአፍ መፍቻው ነበር ወይስ አማርኛ? የቃላቱ ተራ የጋፋትኛ ነው ወይስ የግእዙን ወይም የአማርኛውን ተከትሎ የሄደ ነው? እነዚህ ጥያቄዎች የአረፍተ ነገር አወቃቀሩን የሚያጠና ሰው የሚያነሣቸው መሠረታዊ ጥያቄዎች ናቸው። መላሹን ማግኘት ስለማንችል በእርግጠኝነት መመለስ አንችልም። ቋንቋው በሕይወት ሳለ የተዘነጋ አንድ መስመር ማስታወሻ፣ ማለትም የተርጓሚው ስም፣ የተወለደበት ቦታና የአፍ መፍቻው፣ ቋንቋው ከሞተ በኋላ በምንም ገንዘብ አይገዛም።

በሀገራችን ከ80 በላይ ቋንቋዎች ይነገራሉ። በደቡብ ምዕራብ፣ በወይጦ ወንዝ ዳር ያለው ኦንጎታ ተናጋሪዎቹ ጥቂት አረጋውያን ብቻ እንደ ሆኑ ካወቅን ቆይተናል። ስለዚህ የጋፋት ታሪክ ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም፤ ዛሬ የምንይዘው የመስክ ደብተር ነገ ለአንድ ቋንቋ ብቸኛው ማጣቀሻ ሊሆን ይችላል።

6. ከተቋም ወደ ዲጂታል ክምችት

በ20ኛው መቶ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ የማጣቀሻ ሥራ ከግለሰብ ወደ ተቋም መሸጋገር ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1976 «ቋንቋ በኢትዮጵያ» የሚል ርእስ የያዘው ሰፊ የጥናት መድበል በቤንደር፣ በቦወን፣ በኩፐርና በፈርጉሰን አዘጋጅነት በእንግሊዝኛ ወጣ። በ1964 ዓ.ም. ለአማርኛ የተቋቋመው አካዳሚ ኋላ የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ ሆነ፤ የእርሱ ወራሽ የሆነው የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ጥናትና ምርምር ማዕከል የአማርኛ መዝገበ ቃላቱን በ1993 ዓ.ም. አሳተመ። በግል ጥረት ከተሠሩት መካከል የሌስላው የግእዝ ንጽጽራዊ መዝገበ ቃላት እ.ኤ.አ. በ1987፣ የቶማስ ኬን ባለ ሁለት ቅጽ የአማርኛና የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት በ1990 ታትመዋል። የባዬ ይማም «የአማርኛ ሰዋስው» በ1987 ዓ.ም. ሲወጣ፣ ዘመናዊውን ሥነ ልሳን በአማርኛ ማስተማር እንደሚቻል በተግባር አሳየ።

ብራናዎቹን በተመለከተ ትልቁ እርምጃ እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የማይክሮፊልም ሥራ ነው። በኢትዮጵያ የተነሡት ፊልሞች ቅጂ በሚኒሶታ ተቀምጦ፣ ጌታቸው ኃይሌ እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ በካታሎግ ሥራው ላይ ደክመውበታል። የተነሡት መጻሕፍት ከ9,000 ይበልጣሉ። ዲልማን ያላያቸው ምስክሮች አሁን ሊጠየቁ ይችላሉ።

ከዚያ በኋላ ዲጂታሉ ዘመን መጣ። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ሲካተት፣ 345 ምልክቶች በማንኛውም ኮምፒዩተር አንድ ዐይነት መለያ ቍጥር አገኙ። ከዚያ በፊት በአንዱ የጽሕፈት ፕሮግራም የተጻፈ ጽሑፍ በሌላው ሲከፈት የማይነበብ ይሆን ነበር፤ ስለዚህ የጋራ የጽሑፍ ክምችት መገንባት አስቸጋሪ ነበር። በሀምቡርግ እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2014 አምስት ቅጽ ያለው የኢትዮጵያ ኢንሳይክሎፔዲያ ወጣ። በዚያው ከተማ፣ ከ2014 እስከ 2019 በአሌሳንድሮ ባውዚ መሪነት የተካሄደው የምርምር ፕሮጀክት የዲልማንን መዝገበ ቃላት ወደ ዲጂታል ቀይሮ በነፃ አቅርቦታል። በ2016 የተጀመረው «ቤተ መጻሕፍት» የተሰኘው ፕሮጀክትም የብራናዎችን መግለጫ በአንድ ቋት እያሰባሰበ ነው።

ለአማርኛም ክምችቶች ተገንብተዋል። የኮርፐስ ሥራ ማለት በርካታ ጽሑፍ በአንድነት ሰብስቦ እያንዳንዱን ቃል በመደቡ መለየት ነው። ከዋልታ የዜና ድርጅት የተወሰዱ 1,065 ዜናዎች፣ ወደ 210,000 ገደማ ቃላት፣ በባለሙያዎች እጅ ተመድበዋል። የአረፍተ ነገር አወቃቀራቸው የተተነተነ 1,074 ዓረፍተ ነገሮች የያዘ የአማርኛ ክምችትም ተዘጋጅቷል። እ.ኤ.አ. በ2018 የቀረበው የዘመናዊ አማርኛ ኮርፐስ ወደ 24 ሚሊዮን የሚጠጉ ቃላት ይዟል። የማይክል ጋሰር «ሆርንሞርፎ» ደግሞ የአማርኛን፣ የኦሮምኛንና የትግርኛን ቃላት ወደ ምዕላዶቻቸው ይበትናል። ከ20 ዓመት በፊት ለአንድ ተማሪ ወራት ይወስድ የነበረው የምሳሌ ፍለጋ ዛሬ በደቂቃ ይፈጸማል። ይህ ታላቅ ጸጋ ነው፤ ልንጠቀምበትም ይገባል።

7. አራት ጥንቃቄዎች

ጸጋው እንዳለ ሆኖ፣ ከተናገርሁት ታሪክ የሚመነጩ አራት ጥንቃቄዎችን ላቅርብ።

አንደኛ፣ የምስክሮች ብዛት። የሌስላው የግእዝ መዝገበ ቃላት በዲልማን፣ እ.ኤ.አ. በ1952 በወጣው በግሬቦ ተጨማሪ መዝገብና በኪዳነ ወልድ ላይ ቆሟል። የሀምቡርጉ ዲጂታል መዝገብ የተመሠረተው በዲልማን ላይ ነው። ስለዚህ ሦስት መዝገበ ቃላት በአንድ ፍቺ ተስማሙ ብሎ መደምደም አደገኛ ነው፤ ሦስቱም አንድ ምስክር ሊሆኑ ይችላሉ። ፍርድ ቤት አንድ ሰው የነገራቸውን ሦስት ሰዎች እንደ ሦስት የዐይን ምስክር አይቈጥርም። እኛም ወደ ኋላ ተጉዘን የመጀመሪያውን ምስክር መፈለግ አለብን።

ሁለተኛ፣ የምስክሮቹ ዐይነት። የዜና ኮርፐስ የዜናን አማርኛ ያሳያል። በዜና «ገለጹ» እና «አስታወቁ» እንደ ልብ ይገኛሉ፤ የእናት ቍጣ፣ የገበያ ክርክር፣ የልቅሶ ቤት ንግግር፣ የልጆች ጨዋታ ግን የሉም። «በኮርፐሱ አልተገኘም» እና «አማርኛ ተናጋሪ አይለውም» የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ይህ ከዲልማንና ከመቅደላ ብራናዎች የተማርነው ትምህርት ነው፤ መሣሪያው ቢለወጥም ስሕተቱ ያው ነው።

ሦስተኛ፣ የፊደላት ማዋሐድ። በኮምፒዩተር ሥራ ሀ፣ ሐ እና ኀን፣ ሰ እና ሠን፣ አ እና ዐን፣ ጸ እና ፀን ወደ አንድ ማምጣት የተለመደ ነው። ለፍለጋ ይጠቅማል። ለታሪካዊ ሥነ ልሳን ግን ማስረጃ ማጥፋት ነው። በግእዝ «ሠረቀ» ወጣ ማለት ሲሆን «ሰረቀ» ያው የምናውቀው ስርቆት ነው። «መሐረ» ይቅር አለ፣ «መሀረ» አስተማረ ማለት ነው፤ «ምሕረት» ከፊተኛው፣ «ምሁር» ከኋለኛው ወጥተዋል። ከተዋሐዱ በኋላ ማሽኑ ሊለያቸው አይችልም። በአንጻሩ ፊደሉ ጨርሶ የማያሳየው ልዩነትም አለ። «ገና» ላልቶ ሲነበብ ጊዜው አለመድረሱን ይናገራል፤ ጠብቆ ሲነበብ በዓል ነው። የቅኔ ቤቱ መምህር ይህን በአፉ ያስተምር ነበር፤ የጽሑፍ ክምችት ብቻውን አያስተምርም። ዋናው ጽሑፍ ሳይነካ ተጠብቆ፣ የተዋሐደው ቅጂ ለብቻው ቢቀመጥ፣ የድምፅ ቅጂም ቢታከልበት ሁለቱም ችግሮች ይቃለላሉ።

አራተኛ፣ የመላሹ መሰወር። በሉዶልፍ መጽሐፍ የአባ ጎርጎርዮስ ስም ነበረ። በ24 ሚሊዮን ቃላት ክምችት ውስጥ ተናጋሪው ማን ነው? ከየት አካባቢ ነው? ዕድሜው ስንት ነው? አብዛኛውን ጊዜ መልስ የለም። ቍጥሩ ሲበዛ ሰውዬው ይጠፋል። በብዛት የሚገኘው ዕውቀት በጥራት ከ1698ቱ መጽሐፍ ያነሰበት አንዱ ነጥብ ይህ ነው።

8. ከእኛ የሚጠበቀው

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ይባላል። እውነት ነው፤ ነገር ግን በመጽሐፍ ያለ ስሕተትም አብሮ ይወረሳል። ውርሱ የተጣራ እንዲሆን ከእኛ፣ በተለይም ከተማሪዎች፣ የሚጠበቁ ተግባራት አሉ።

በመስክ ስትሠሩ ከእያንዳንዱ ቃል ጋር የመላሹን የትውልድ ቦታ፣ ዕድሜ፣ የአፍ መፍቻ ቋንቋና የተነገረበትን ቀን መዝግቡ። ስሙ እንዲጠቀስ ይፈልግ እንደ ሆነ ጠይቁት፤ ከፈለገ በክብር ጥቀሱት፣ ካልፈለገ ፈቃዱን አክብሩ፤ ነገር ግን ሳትጠይቁ አትዝለሉት። የድምፅ ቅጂውን አታጥፉ፤ ዛሬ ያልሰማችሁትን ነገ ሌላ ሰው ይሰማዋልና። ከመዝገበ ቃላት ስትጠቅሱ ያያችሁትን የመጨረሻውን መጽሐፍ ብቻ ሳይሆን ቃሉ መጀመሪያ የተመሰከረበትንም ፈልጉ።

እኛም መምህራን የምንመልሰው ዕዳ አለ። በየዩኒቨርሲቲዎቻችን መደርደሪያ ላይ ስለ ትናንሽ ቋንቋዎቻችን የተጻፉ የመመረቂያ ሥራዎች ተቀምጠዋል። በአባሪዎቻቸው ውስጥ ያሉት የቃላት ዝርዝሮች ለአንዳንዱ ቋንቋ ካሉት ጥቂት ማስረጃዎች መካከል ናቸው። ሀምቡርግና ሚኒሶታ የሚደነቅ ሥራ ሠርተዋል፤ እነዚህን አባሪዎች ሰብስበን፣ አጣርተን፣ በተጠበቀና በተከፈተ ቋት ማስቀመጥ ግን የእነርሱ ሳይሆን የእኛ ግዴታ ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው በመጀመሪያ ደረጃ ትልቅ ገንዘብ አይደለም፤ አንድ ክፍል በየዓመቱ ጥቂት ሥራዎችን እየመረጠ፣ ከጸሐፊዎቹ ፈቃድ እየወሰደ ቢጀምር በአሥር ዓመት ውስጥ የሚታይ ክምችት ይኖረናል። ክፍለ ጊዮርጊስ ለኪዳነ ወልድ፣ ኪዳነ ወልድ ለደስታ ያስተላለፉት አደራ ከዚህ የከበደ ነበር፤ መሣሪያቸውም ከእኛ እጅግ ያነሰ ነበር።

ማጣቀሻን እንደ ታሪክ ምንጭ ማንበብ የለመደ ተመራማሪ አዲሱን መሣሪያ አይፈራም፤ አያመልክበትምም። ቃሉን ሲያገኝ «ማን ጠየቀ? ማንስ መለሰ?» ይላል። መልሱን ሲያገኝ ደግሞ ከእርሱ በኋላ ለሚመጣው በግልጽ ጽፎ ይተዋል።